የጀዊሪያ ገብስ

ያን እሑድ ጠዋት አርመኑ ሙሴ ካራቤት ከገዛ የውሃ ወፍጮ ቤቱ ምሰሶ ጋር ታስሮ ነበር። ምሰሶውን ያቆመው ራሱ ነው፤ ጥዱን ከእንጦጦ አስጎትቶ፣ በእጁ ጠርቦ፣ ዘመን እንዲሻገር አድርጎ ተክሎታል። የጣልያን ቅጥር ወታደሮች የሆኑት አስካሪዎች እጁን ወደ ኋላ ጠምዝዘው ሲያስሩበት ምሰሶው ንቅንቅ አላለም። ካራቤት አጥብቆ በመሥራቱ የተጸጸተው በዕድሜው ያን ቀን ብቻ ነው።

ከፊቱ፣ ከወፍጮው ድንጋይ ሥር፣ ሸሪኩ በዳሳ በደረቱ ተደፍቶ ሞቷል። ጭንቅላቱ ከኋላ ተፈርክሷል። አጠገቡ የወደቀው መዶሻ የወፍጮ ድንጋይ የሚወቀርበት ነው፤ የካራቤት መሆኑን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። የሬሳው ጀርባ፣ መዶሻው፣ ወለሉ፣ ሁሉም ነጭ ዱቄት ለብሰዋል።

የሰፈሩ የካራቢኔሪ ፖሊስ አዛዥ፣ ሰው በማዕረጉ ማሬሻሎ የሚለው ጣልያን፣ ነገሩን የቋጨው ገና ከበቅሎው ሳይወርድ ነበር። ቅዳሜ ማታ ወፍጮው ሲጮኽ የጉለሌ ሰው ሰምቷል። ወፍጮውን የሚያስነሳው አርመኑ ነው። መዶሻው የአርመኑ ነው። እንግዲህ ገዳዩም አርመኑ ነው፤ ወደ ማታ ካሚዮኑ መጥቶ ይወስደዋል። ከየካቲቱ እልቂት ወዲህ በዚያ ካሚዮን ተጭኖ ከሄደ ሰው አንድም የተመለሰ የለም። ይህን ካራቤትም ያውቃል፣ በሩ ላይ የተኮለኮሉት ሴቶችም ያውቃሉ።

ካራቤት አገሩ የፈረሰበት ሰው ነው። ወላጆቹን በአርመኖች ፍጅት በልጅነቱ አጥቶ፣ በሰው በረንዳ አድጎ፣ በመርከብ ጅቡቲ፣ በባቡር አዲስ አበባ ደረሰ። ለጫማ ሰፊ ተቀጠረ፤ ለአናጢ ተቀጠረ፤ በመጨረሻ «የራሴ የምለው ነገር ልሥራ» አለና ወንዝ ፍለጋ ወጣ። የውጭ ሰው መሬት በስሙ አይይዝም። በዳሳ ግን ወንዙ ዳር የአባቱ መሬት ነበረው። «መሬቱ ከእኔ፣ እጅ ከአንተ» ብሎ ቀኙን ዘረጋለት፤ ውላቸው ያ ብቻ ነበር። መጀመሪያ ሰሞን እህል ይዞ የሚመጣ ጠፋ። የፈረንጅ ወፍጮ የእህሉን በረከት ይወስዳል ተባለ። ሸጎሌ ገበያ እህል የምትቸረችረው ባልቴት ጀዊሪያ ግን «በረከቴን ከወሰደ ጉልበቴን ይመልስልኛል» ብላ የመጀመሪያውን ጆንያ አምጥታ ዘረገፈችው። ከዚያ በኋላ ሰልፍ ሆነ። አንድ ቀን ከቀረ ሰው «ሙሴ የት ሄደ?» ብሎ የሚጠይቅለት ሆነ፤ ካራቤት እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ በፊት አያውቅም።

አሁን ንዳድ እያንቀጠቀጠው፣ ዓይኑን ከበዳሳ ላይ መንቀል አቅቶት፣ «ገድለሃል» ሲሉት «አልገደልኩም» እያለ ይደጋግማል።

ስብሐት የገባው በዚህ መሀል ነው። ከጣልያን በፊት የአራዳ ዘበኛ መርማሪ ነበር፤ ሌባ ስሙን ሲሰማ ዕቃውን መልሶ ያስቀምጣል ይባልለት ነበር። ዛሬ የማሬሻሎው አስተርጓሚ ነው። የድሮ ካፖርቱን አሁንም ይለብሰዋል፤ የመንግሥቱን ቁልፎች ነቅሎ በእንጨት ቁልፍ ተክቷቸዋል። ሲያልፍ ሴቶቹ ፊታቸውን አዞሩ፤ አንዷማ ምራቋን ጢቅ አደረገች። እሱ እንዳላየ ሆኖ አለፈ። የሚበላው የጣልያንን ነው፤ ምን ይበል?

ሬሳውን አንድ ጊዜ ዞረና ወደ ማሬሻሎው ሄደ። በጣልያንኛ ነበር የሚነጋገሩት። ካራቤት ቋንቋውን ከመርከበኞች ለቃቅሞታልና ጆሮውን አቆመ።

«ጌታዬ፣ ሰውየው የውጭ ዜጋ ነው። ያለ ምስክር ቃል ብንልከው ከላይ ይጠይቁናል።»

«ሐበሻ ቢሆን ኖሮስ?»

«ሐበሻ ቢሆንማ ማን ይጠይቃል?» አለ ስብሐት፤ ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም።

ማሬሻሎው ሳቀ። «ካሚዮኑ እስኪመጣ የፈለግከውን ጠይቅ። እኔ ምሳዬን እበላለሁ።»

ስብሐት ተመልሶ ከምሰሶው ሥር ቁጢጥ አለ። «ሙሴ ካራቤት፣ አይለማመጡኝ፤ የጠየቅኩዎትን ብቻ ይመልሱ። ቅዳሜ ምን ሠሩ?»

«ከባዩሽ ጋር ድንጋዩን ስንወቅር ዋልን። ጥርሱ ሟሽሾ ነበር። ወደ ማታ ንዳዴ ተነሣብኝ፤ መዶሻዬን እዚሁ ትቼ ጓሮ ካለው ቤቴ ገብቼ ተኛሁ።»

«ወፍጮው ሲጮኽ አልሰሙም?»

«ንዳድ ሲይዘኝ ጆሮዬ ውስጥ ሁልጊዜ ወፍጮ ይጮኻል። እውነተኛውን በምን ልለየው?»

«አብሮዎት የነበረ ሰውስ?»

«ማን ይኖራል? ብቻዬን ነኝ።»

«ከበዳሳ ጋር ተጣልተው ነበር ይባላል።»

«የጦሩ ዱቄት ክፍል ወፍጮው ለወታደር ብቻ ይፍጭ አለን። በዳሳ ‹የሰፈሩ ሰው ምን ይብላ?› ብሎ እምቢ አለ። እኔ ፈራሁ፤ እሱ አልፈራም። ጠብ ከተባለ ይኸው ነው።» ወደ ሬሳው በአገጩ ጠቆመ። «ወንድሜ ነበር እኮ፣ አቶ ስብሐት። ወንድሜን ልገድል?»

ስብሐት አንዱን አስካሪ በእጁ ጠርቶ ሬሳውን በቀስታ ገለበጡት። የበዳሳ ጀርባ ነጠላ የለበሰ ያህል ነጥቷል። ደረቱ የተኛበት ወለል ግን ግራጫ ነው፤ ድንጋይ ሲወቀር የሚረግፈው ብናኝ ብቻ እንጂ የዱቄት ዘር የለበትም። ከሆዱ ሥር መጥረጊያ ወጣ። ስብሐት መጥረጊያውን ትክ ብሎ አየው። ከዚያ ወደ ዱቄቱ ሣጥን ሄዶ ቆንጠር አድርጎ አፉ ውስጥ ጨመረና ወዲያው ተፋ። የካራቤት ዓይን ያን ጊዜ አስካሪው በሚጠቀልለው ገመድ ላይ ስለነበር ነገሩን ልብ አላለውም።

ሬሳው በጋቢ ተሸፍኖ ወደ ጓሮ ወጣ። ምስክሮቹ አንድ በአንድ ገቡ።

መጀመሪያ ባዩሽ ቀረበች፤ ዱቄት የምትሰፍር፣ ድንጋይም የምትወቅር ጠንካራ ሴት ናት። ከስብሐት ጋር ዓይን ለዓይን ላለመተያየት ወደ ጣሪያው እያየች መለሰች።

«ሬሳውን ያገኘሁት እኔ ነኝ። ለቤተ ክርስቲያን ስወጣ በሩ ገርበብ ብሎ አየሁ።»

«ቅዳሜ ስትሄጂ ማን ቀረ?»

«በዳሳ። ‹እኔ እጠርገዋለሁ፣ አንቺ ሂጂ› አለኝ። ሙሴ ቀድሞን ሄዷል፤ እየተንዘፈዘፈ ነው የገባው። ሰኞ ድንጋዩን አጽድተን ልንጀምር ነበር።»

«ውሃውስ?»

«ከላይ ከወንዙ ተዘግቷል። ቶለሳ ቦዩን ሲጠርግ ነው የሰነበተው።» አሁን ገና ዞራ አየችው። «ሙሴ አልገደለም። ለጌቶችህ እንደዚያ ብለህ ንገራቸው፤ እንደ ልማድህ አጣመህ እንዳትነግር።»

«ነገሩን ካገኘሁት አላጣምመውም» አለ ስብሐት።

ቀጥላ ጀዊሪያ ባዶ ጆንያዋን ታቅፋ ገባች። በዳሳን ስታነሣ ታለቅሳለች፣ ገብሷን ስታነሣ ትቆጣለች።

«ፀሐይ ስትጠልቅ ገብሴን አመጣሁ። በዳሳ ብቻውን እየጠረገ ነበር። ‹እትዬ፣ ከሰኞ በፊት አይፈጭም፤ ከበሩ ጀርባ አስቀምጪው› አለኝ። አስቀምጬ ሄድኩ። ምስኪን! ውሃ እንኳ አምጥቶ አስጠጣኝ።»

«ሲመጡም ሲሄዱም ሰው አላየዎትም፣ እትዬ?»

«ማን ያየኛል? ክርስቲያኑ ሁሉ መዝገቡ ቤት ማኅበር ላይ ነው። ለማንም አልነገርኩም፤ ከሰው ሰልፍ በፊት ማስቀመጤን ባወራ ሴቶቹ አይለቁኝም ነበር። ዛሬ ጠዋት ብመጣ ጆንያዬ ባዶ፣ ገብሴ ተፈጭቶ ሣጥን ውስጥ! ሰው ገድሎ ደግሞ የሰው እህል ይፈጫል?»

ሦስተኛው የበዳሳ ታናሽ ወንድም ቶለሳ ነበር። ቤቱ ከወፍጮው በላይ፣ ቁስቋም ሥር ነው። ዓይኑ ቀልቷል፤ ነጠላውን ለኀዘን አዘቅዝቆ ለብሷል። ካራቤት ሊያጽናናው ፈልጎ እጁ መታሰሩ ትዝ አለው።

«እርስዎ ሕግ የሚያውቁ ሰው ነዎት፣ ጌታው» አለ ቶለሳ ለስብሐት። «የወንድሜን ደም እንዲያወጡልኝ ነው።»

«ቅዳሜ ማታ የት ነበርክ?»

«ማኅበር ላይ። ወፍጮው ሲነሣ ጠላ እየተቀዳ ነበር። ‹ስሙ፣ ሙሴ የጀዊሪያን ገብስ ተያይዞታል› ብዬ እንዲያውም ተሳስቀናል። ወንድሜ ያን ጊዜ እየሞተ እንደሆነ በምን ልወቅ!» ፊቱን በነጠላው ሸፈነ።

«ቦዩን የምትጠርገው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ። ቅዳሜ ጨርሻለሁ።»

«ታዲያ ውሃውን ማን ለቀቀው?»

«ሙሴ ነዋ! ከእሱ ሌላ ማን?»

ካራቤት ቀና ብሎ አየው። ይህ ልጅ በየፋሲካው ከማዕዱ የሚቆርስ ልጅ ነው።

በመጨረሻ የማኅበሩ ደጋሽ፣ ሽማግሌው አቶ መዝገቡ ተጠሩ። «ቶለሳ ዘግየት ብሎ ነው የመጣው። ነገር ግን ወፍጮው ሲነሣ ከጎኔ ተቀምጧል፤ በማርያም እምላለሁ። ‹ሙሴ የጀዊሪያን ገብስ ተያይዞታል› ሲል ለሰንበት ዋዜማ ነው ወይ ብዬ እንኳ ተቆጥቻለሁ።»

«ልክ እንደዚህ ነው ያለው?»

«ጥርስ እንጂ ጆሮ አልጎደለኝም፣ ልጄ።»

ስብሐት አመስግኖ ወጣና ወደ ወንዙ አቀበቱን ያዘ። ካራቤት ካፖርቱ እስኪጠፋ ድረስ በበሩ በኩል በዓይኑ ሸኘው። ያ ሰው ጥሎት የሄደ መሰለው። ልጅ ሳለ እናቱ ‹ዝም በል፣ ይሰሙናል› ያለችበትን ቀን አስታወሰ። ከዚያ ሁሉ ተርፎ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ የገዛ ወፍጮው ሥር ሊያልቅ ነው። የሚቀብረውም ሰው ሞቷል።

ጥላው ሲረዝም ስብሐት እግሩ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ተመለሰ። ሁሉንም ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ሰበሰባቸው። ማሬሻሎውም ካሚዮኑ ስለዘገየበት እየተነጫነጨ ገብቶ ጆንያ ላይ ተቀመጠ። ስብሐት ግን ወለሉን እያዳመጠ ቆመ። ሰዎቹ መተያየት ጀመሩ።

ድንገት ከወለሉ ሥር ውሃ ገሰገሰ። የላይኛው ድንጋይ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ እያጓራ ዞረ። ጀዊሪያ ጮኸች። አቶ መዝገቡ አማተቡ። አስካሪዎቹ ጠመንጃቸውን አነሡ።

«አይዟችሁ» አለ ስብሐት። «ማን አስነሣው? ሁላችንም እዚሁ ነን። እኔ ከላይ ከወንዙ ለቅቄው በአቋራጭ ወረድኩ። ቦዩ ተራራውን ዞሮ ነው የሚመጣው፤ መሬቱ ውሃውን ይጠጣዋል፤ ስለዚህ ሰው ይቀድመዋል። ቅዳሜ ቦዩ ደረቅ ስለነበር ከዚህም በላይ ቆይቷል። የለቀቀው ሰው ማኅበር ገብቶ የጠላ ዋንጫ ለመጨበጥ ይበቃው ነበር፤ ሌሊት ሲመለስ ውሃውን መልሶ ዘግቶታል።»

ድንጋዩ ያጉረመርማል።

«በዳሳ የሞተው ወፍጮው ከመነሣቱ በፊት ነው። ወፍጮ ሲፈጭ ዱቄቱ በሁሉ ላይ ይቦናል፤ ጀርባው ላይ ቦኗል። ደረቱ ሥር ግን የድንጋይ ብናኝ ብቻ ነው ያለው። መጥረጊያውን እንደያዘ ነው የወደቀው። ስለዚህ ወፍጮው ሲጮኽ የሰማችሁት ገዳዩን አይደለም፤ ገዳዩ ጥሎት የሄደውን ጩኸት ነው።»

ከሣጥኑ ዱቄት በሰፌድ አወጣና በየተራ አቀረበላቸው። «ቅመሱልኝ።»

ባዩሽ ምላሷ ላይ እንዳደረገችው ተፋችው። «ይኼማ ድንጋይ ነው!»

«ገብሴን! ገብሴን አበላሹት!» አለች ጀዊሪያ ደረቷን እየመታች።

«እኔ ጥርስ የለኝም፤ ምኑን አውቀዋለሁ» አሉ አቶ መዝገቡ።

ቶለሳ አላመጠ፤ አቆመ፤ ዋጠው። «ዱቄት ነው። ምን አለበት?»

ካራቤት ያን ጊዜ ገባው።

«እናቴ ዓይኗን ያጣች ሴት ነበረች» አለ ስብሐት። «ሴት ልጅ አልነበራትም። በር ዘግቼ የምፈጭላት እኔ ነበርኩ፤ እንዳይሳቅብኝ እስከ ዛሬ ለሰው አልተናገርኩም።» አንዱ አስካሪ ፈገግ አለ፤ ባዩሽ ግን አልሳቀችም። «ወፍጮ በተወቀረ ማግስት መጀመሪያ ግርድ ይፈጭበትና ይጣላል፤ አለዚያ ዱቄቱ ውስጥ የሚገባው ድንጋይ ነው። ይህን የማታውቅ ሴት ጉለሌ ውስጥ የለችም። ሙሴ ካራቤትማ እንጀራው ነው፤ እሱም ባዩሽም በዚያ ድንጋይ ላይ የሰው እህል አይጨምሩም። የጨመረው ወንድ ነው፤ ወፍጮ አጠገብ ተቀምጦ የማያውቅ፣ ስለ ውሃው ግን ጠንቅቆ የሚያውቅ ወንድ።»

«ቦዩን ሙሴም ያውቀዋል» አለ ቶለሳ ቶሎ ብሎ።

«ያውቀዋል። ግን ወፍጮው ጮኾ እንዲሰማ የሚፈልግ፣ ያን ጊዜ ሌላ ቦታ በሰው መሀል የተቀመጠ ሰው ነው። ሙሴ ብቻውን ነበር የተኛው፤ ጩኸቱ የሚጎዳው እሱን ነው።» ስብሐት ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እትዬ ጀዊሪያ ገብሷን ያመጣችው ሙሴም ባዩሽም ከሄዱ በኋላ ነው። ያያት በዳሳ ብቻ ነው፤ ለማንም አልነገረችም። አሁን ንገረኝ፣ ቶለሳ። አቶ መዝገቡ ቤት ጠላህን ይዘህ፣ ወፍጮው ላይ ያለው የማን እህል እንደሆነ፣ ገብስ እንደሆነ፣ ከበዳሳ ካልሰማህ በምን አወቅክ?»

ቶለሳ ወደ በሩ አየ፤ አስካሪዎቹ ሞልተውታል። አቶ መዝገቡን አየ፤ ሽማግሌው ቀስ ብለው ከአጠገቡ ፈቀቅ አሉ።

«የአባቴ መሬት ነው!» ብሎ ጮኸ። «የአባቴን መሬት ለመጤ ሰጠው! እኔ ቦይ ጠራጊ፣ ይኼ አገር የሌለው ሰው ባለ ወፍጮ! የዱቄት ክፍሉ ሰዎች ወፍጮው በእጅህ ቢሆን ላንተ እንከራየው ነበር አሉኝ። ለመንኩት እኮ፤ እግሩ ላይ ወድቄ ለመንኩት! ‹የሸሪኬን አላስነካም› ብሎ ጀርባውን ሰጥቶኝ መጥረጉን ቀጠለ።» ከዚያ ወደ ስብሐት ዞረ፤ እርስዎ ማለቱ ቀርቷል። «ለእነዚህ አሳልፈህ ልትሰጠኝ ነው? አንተ ሐበሻ አይደለህም?»

ስብሐት «በዳሳም ሐበሻ ነበር» አለ።

ማሬሻሎው ከጆንያው ተነሣ። «ምንድን ነው የሚጮኸው?»

ስብሐት ሁሉንም በጣልያንኛ ነገረው። ካራቤት ቃል በቃል ተከታተለ፤ አንድም ነገር አላጎደለም። ማሬሻሎው አዳምጦ ሲጨርስ ትከሻውን ነቀነቀ።

«ጎበዝ ነህ። ቢሆንም ለእኛ የሚፈጭልን ያ ልጅ ነው፤ ተነጋግረንበታል። አርመኑን ጫኑት።»

ካራቤት ይህን ያለ አስተርጓሚ ሰማ። እውነቱ ተገኝቶ፣ ገዳዩ በአፉ ተናግሮ፣ እሱ ግን ሊሰቀል ነው። ከውጭ የካሚዮኑ ድምፅ አቀበቱን እያቃሰተ ሲወጣ ተሰማ። «ስብሐት!» ብሎ ጮኸ። «ስብሐት፣ ስለ እናትህ!»

ስብሐት አላየውም። ሲዞር የነበረውን ድንጋይ እያየ፣ ስለ ገበያ እንደሚያወራ ሰው በዝግታ ተናገረ።

«እንደ ፈቀዱ፣ ጌታዬ። አርመኑ ጥፋተኛ ከሆነ መሬቱም ወፍጮውም የወራሹ የቶለሳ ነው፤ ጦሩ ኪራይ ይከፍለዋል። ቶለሳ ጥፋተኛ ከሆነ ግን ወራሽ የለም። አርመኑ ደግሞ በስሙ ምንም የለውም። ወፍጮው እንዲሁ ያለ ኪራይ የመንግሥት ይሆናል። አለቆችዎም ማን እንዳገኘላቸው ይጠይቃሉ።»

ማሬሻሎው ድንጋዩን አየ። ሣጥኑን አየ። ካራቤት የጥዱን ምሰሶ የሚያህል ነገር ከጀርባው ሲነቀል የተሰማው ያን ጊዜ ነው፤ ምን እየተሸጠ እንደሆነ ገብቶታል፣ ዋጋው ምን እንደሆነም ገብቶታል። እምቢ ለማለት አፉን ከፈተ። መልሶ ገጠመው።

«ፍቱት» አለ ማሬሻሎው። «ያኛውን እሰሩት።»

ካሚዮኑ ቶለሳን ጭኖ ሲወርድ ማንም እልል አላለም፣ ማንም አላለቀሰም። ካራቤት የተላጠ የእጅ አንጓውን ይዞ ደጃፉ ላይ ቆመ፤ ከእንግዲህ ደጃፉም አይደለም።

«ወፍጮዬን ሸጥክብኝ» አለ።

«ከዚያ ሌላ የሚገዙት ነገር አልነበረዎትም» አለ ስብሐት። «ይቅር ይበሉኝ።» ካፖርቱን ሰብስቦ ቁልቁል ሄደ። በዚህ ጊዜ ከሴቶቹ ምራቅ የተፋ አልነበረም።

በዳሳን ቀበሩት። ካራቤት አፈሩን በእጁ መለሰበት፤ አካፋ ቢያቀብሉት እምቢ አለ። ከዚያ ጀዊሪያ ከግቢዋ ጥግ ያለችውን ጎጆ ሰጠችው። የጦሩ ስንዴ ወፍጮ ቤት መግባት ጀመረ፤ ባዩሽን «ሥራውን ታውቂያለሽ» ብለው እዚያው አስቀሯት። ካራቤት የድንጋዩን ድምፅ በሰማ ቁጥር ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ እንደ ልጅ ያለቅሳል፤ ሲያቆምም ያለቅሳል። መብላት ተወ። ጀዊሪያ ለመነችው፣ ተቆጣችው፣ ሐኪም አመጣለሁ ብላ አስፈራራችው። ጆሮ አልሰጣትም።

አንድ ቀን ጠዋት የድሮ የእጅ ወፍጮዋን እየገፋች አምጥታ ከፊቱ ጣለችው። «እኔ እንደሆንኩ ወደዚህ ተመልሻለሁ። ጥርሱ አልቋል። ትወቅርልኛለህ ወይስ ሞቼ ነው የምወጣው ትላለህ?»

የሟሸሸውን ጥርስ በጣቱ ዳሰሰና መዶሻ ጠየቀ። የራሱ መዶሻ ማሬሻሎው ጋ ስለቀረ አንጥረኛ ቤት ሌላ አስቀጠቀጠችለት። ወቅሮ ሲጨርስ ግርድ ፈጨበትና ደፋው፤ ከዚያ ብቻ «ይኸው» አላት። በሳምንቱ ከግቢዋ ደጅ የእጅ ወፍጮ ያዘሉ ሴቶች ተሰለፉ። ዋጋው አንድ ጣሳ እህል ወይ ሁለት እንቁላል ነበር፤ ለሌላት ምንም። መሬት የማይጠይቅ፣ በማንም ስም የማይመዘገብ ሥራ ነው።

ስብሐት በዚያ በኩል ብቅ ያለው ዝናቡ ሊገባ ሲል ነው። የመዶሻውን ምት እያየ ከሰልፉ ዳር ቆመ።

«ማሬሻሎው ልኮኝ ነው፣ ሙሴ ካራቤት። የወታደሩ ዳቦ ጥርስ እየሰበረ ነው አሉ፤ አንድ መኮንን መንጋጋው አብጦ ተኝቷል። ባዩሽን ብንጠይቃት ‹ውቀሪ አላችሁኝ፣ ወቀርኩ› ትላለች። ማሬሻሎው ‹አርመኑን ጠይቀው፣ ምክንያቱን እሱ ያውቃል› ብሎኛል።»

ካራቤት መዶሻውን አቁሞ ቀና አለ። በዚያ በር ዘግቶ ለእናቱ ይፈጭ በነበረ ሰው ፊት ላይ ምንም አይነበብም፤ የግርዱን ነገር ግን እሱም ያውቃል። ሰልፉ ላይ ያሉት ሴቶች ወሬያቸውን አቋርጠው ሁለቱን ያያሉ።

«ስንዴው ይሆናል» አለ ካራቤት።

«እኔም ስንዴው ነው ብዬ ነግሬዋለሁ» አለ ስብሐት፤ የካፖርቱን የእንጨት ቁልፍ ቆልፎ መንገዱን ቀጠለ።